ሦስተኛዋ ጎረቤት

ጥር 6

ዛሬም እንደ ወትሮው ጠዋት ክሊኒክ። ካርድ ማውጣት፣ ስም መጥራት፣ "ቀጣይ ይግቡ" ማለት። የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀምጦ ተዋናይ ነኝ ማለት... ለማን? ለራሴ ብቻ ነው የምለው።

ዶክተሩ ሬዲዮ ሳይከፍት ጥርስ አይነቅልም። ታካሚው የመሰርሰሪያውን ድምፅ እንዳይሰማ ነው ይላል። ረፋዱ ላይ ማስታወቂያው መጣ። የኔው። መጀመሪያ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ የሚነፋው መድኃኒት ፍስስስ... ከዚያ ያቺ አፍንጫዋን በጣቷ የያዘች የምትመስል ቀጭን ድምፅ ያላት ሴትዮ፣ "ወደቀ! አይነሳም!"

ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። የበረሮ መድኃኒት።

ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት ጉንጫቸውን በመሐረብ ደግፈው "ይቺን ሴትዮ በሰማሁ ቁጥር ነው ጥርሴ የሚብስብኝ" አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ካርዳቸውን ሳቀብላቸው ድምፄን አወፈርኩ። እንዳያውቁኝ።

ድምፄን ከጥርስ ታማሚ ደበቅሁ እኮ።

ጥር 7

አባዬ ሰማው። ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዶ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ።

ስቱዲዮው ድምፄን በማሽን አቅጥኖታል፤ ማንም አያውቀኝም ብዬ ተማምኜ ነበር። አባዬ ግን ገና ከመጮኼ አወቀኝ። "ስትንጫጪ ያደግሽው እጄ ላይ አይደል እንዴ" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ ሲነዳ ሬዲዮ ነው የሰማው። አሁን ልጁ ሬዲዮ ውስጥ ገባችለት። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል።

ለፀጉር አስተካካዩ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። ልነግረው ስል ደንበኛ ገባብኝ አለ። እፎይ...

"በሞቴ አባዬ፣ ለማንም እንዳትናገር።"

"ምኑ ነው የሚያሳፍረው? የሰረቅሽው ነገር አለ?"

"በሞቴ አልኩህ።"

እሺ አለ፣ አፌን ዘግቻለሁ። ግን ደስታው ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። መብራት እንደ ጠፋበት ቤት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ቆይቶ ደግሞ ጓሮ ልብስ ሲያሰጣ የማስታወቂያውን ዜማ ሲያፏጭ ሰማሁት። ራሱም አላወቀው።

ጥር 12

አለፍኩ!!

የተፈተንኩበት ቴአትር ውስጥ አስገቡኝ። ሦስተኛዋ ጎረቤት። ትንሽ ናት፤ ግን መድረክ ናት። መጋረጃ ያለው፣ ወንበሩ የተደረደረ፣ እውነተኛ አዳራሽ።

አዘጋጁ ከዚህ በፊት የት ሠርተሽ ታውቂያለሽ አለኝ። "ሬዲዮ... ትንሽ" አልኩ። "ድራማ?" አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። በአፌ አልዋሸሁም። በአንገቴ ነው የዋሸሁት። ለምን? የበረሮ መድኃኒት ብለው ምን ይለኝ ነበር?

ስወጣ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ በእግሬ መጣሁ። መንገዱ ላይ ያለ ጉድጓድ የጫማዬን ተረከዝ በላው። አንዱን ጫማ በእጄ፣ አንዱን በእግሬ፣ እያነከስኩ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ቤት ደረስኩ። ያየኝ ሁሉ ለየላት ብሎ ይሆናል። ይበል።

አባዬ ሲሰማ የተሰበረውን ጫማ ተቀብሎኝ ለጫማ ሰፊ ወሰደልኝ። ሲመለስ ሰዓቱን ጠብቆ አልመጣም። ለስንቱ እያወራ እንደ ቆየ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን አልከለከልኩትም።

ጥር 15

ድርሰቱን ሰጡን። የሌሊት ልብሴን ሳልለብስ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ በአንድ ጊዜ ጨረስኩት።

መጀመሪያ ገቢር ላይ ገብቼ እቃ እዋሳለሁ። ሰላምታ፣ ወንፊት መቀበል፣ መውጣት። በቃ። ዋናዋ የመጨረሻው ገቢር ናት። አባወራው ግቢው ውስጥ ይወድቃል። ሚስትየው ደክሞት ነው፣ ተኝቶ ነው እያለች አላምን ትላለች። ሁለቱ ጎረቤቶች ይፈራሉ። ሦስተኛዋ ጎረቤት ጎንበስ ትላለች፣ አንገቱን ትዳስሳለች፣ ቀና ብላ ሚስትየዋን ታያታለች። ከዚያ አንድ ቃል።

"አይነሳም።"

እንዴ? ገጹን ገልብጬ ደግሜ አየሁት። አይነሳም ነው የሚለው። ከዓለም ቃላት ሁሉ...

ጥር 22

ልምምድ። እስካሁን የነቃብኝ የለም። ቃሏን ከሆዴ፣ ዝቅ አድርጌ ነው የምላት። ከበረሮዋ ሴትዮ ጋር በምንም አትገናኝም። አዘጋጁ "ጥሩ ነው፣ እንደዚሁ ያዢያት" ብሎኛል። ሁለት ጊዜ!

ሚስትየዋን የሚጫወቱት ትልቋ ተዋናይት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ብዙ አያወሩም። ተራቸው እስኪደርስ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ሲጠሩ ሹራቡን አስቀምጠው ተነሥተው ያለቅሳሉ፤ እውነተኛ ለቅሶ፤ ሲጨርሱ ተመልሰው ሹራባቸውን። እንዴት ነው እንደዚያ የሚሆነው?

ፖስተሩ ወጣ። ስሜ ከታች፣ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ፊደል ጎድሎበት። ቆሜ ፎቶ አነሳሁት። የጎደለው ፊደል ላይ ጣቴን አድርጌ።

ጥር 28

ለአዘጋጁ ልንገረው? ቃሉን ቢለውጠው ምን አለበት... "አለቀ" ቢባል፣ "ሄደ" ቢባል። ግን ምክንያቱን ይጠይቀኛል። ነገ እነግረዋለሁ።

ጥር 29

አልነገርኩትም።

የካቲት 2

አሁን መጻፍ አልችልም። ነገ።

የካቲት 3

ክሊኒክ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ደወልኩ። ውሸትም አይደለም።

ትናንት እሑድ ከሰዓት የመጀመሪያው ቀን ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አባዬ ያን ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉር አስተካካዩንና ሌሎች ጓደኞቹን አስከትሎ መጥቶ መሀል ላይ ተቀምጧል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው። ባላያቸው ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ገቢር ደህና አለፈ። ወንፊቱን ተዋስኩ፣ ወጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ... ጉሮሮዬ ደረቀ። ውኃ ጠጣሁ፣ ባሰበት።

ተራዬ ደረሰ። ጎንበስ አልኩ፣ አንገቱን ዳሰስኩ፣ ቀና አልኩ። እትዬ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ያዩኛል። አፌን ከፈትሁ። ያ ከሆዴ የማወጣው ድምፅ የት ሄደ? ከፍርሃቴ የተነሣ በአፍንጫዬ ወጣ። ቀጭን። ልክ እንደ ሬዲዮው።

"አይነሳም!"

ከመሀል አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ "ወደቀ!" አለ። ፍስስስም አለበት።

አዳራሹ ፈነዳ። ልጅ አዋቂ ሳይል። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። ይህ እንኳ ባልከፋ... የሞተው ሰውዬ! ባልየውን የሚጫወተው አንሶላው ስር ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሬሳው ሲስቅ ሰው አይቶ እንደገና አውካካ። እትዬ ብቻ አልሳቁም። ለቅሷቸውን ቀጠሉ፤ ግን ማን ሰማቸው? የስንት ሰው ልፋት በኔ አፍንጫ።

መጋረጃው እንደ ተዘጋ ማንንም ሳላይ፣ የመድረክ ልብሱን እንኳ ሳላወልቅ፣ በእቃ ማስቀመጫው በኩል በጓሮ በር ወጣሁ።

የባሰው ከዚህ በኋላ ነው።

መንገዱን ተሻግሬ የቆመ ጭነት መኪና ጀርባ ቆምኩ። ከዚያ የአዳራሹ የፊት በር ይታያል። አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ካፊያ ነበረ፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከራሱ አርቆ ይዞታል። ለኔ ነው... ስወጣ እንዳልረጥብ። ኮቱ ይርሳል። ከሚወጣው ሰው መሀል ይፈልገኛል። ጓደኞቹ ዙሪያውን ቆመዋል።

ልሄድለት ይገባ ነበር። "አባዬ" ብል በቃ። ግን ሰው ሁሉ "ያቺ ናት" ሲል፣ አባዬም መሀላቸው "ልጄ ናት" ሲል ታየኝ። ታክሲ መጣ፤ ገባሁ።

አባቴን ዝናብ ላይ ትቼው ሄድኩ።

ቤት ገብቼ ተሸፋፈንኩ። ቆይቶ መጣ። ጃንጥላውን ሲያራግፍ ሰማሁት። በሬን ከፈት አድርጎ "ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ መጣሁ" አለ። ስለ ቴአትሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም።

የካቲት 4

አዘጋጁ ሰበሰበን። ያ ረጋ ያለ የሚመስለው ሰው አበደ። ማን ነው፣ ምንድን ነው፣ ሰውየው ለምን እንደዚያ አለ... ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። የበረሮዋ ሴትዮ እኔ ነኝ አልኩ። ሬዲዮ ላይ የሠራሁት ድራማ ሳይሆን እሱን ነው አልኩ። ልብስ አልባሿ አፏን በመርፌ ትራሷ ጋረደች። ሬሳው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሲጠይቀኝም ሳቁ መጣበት።

አዘጋጁ ቃሏን ለሁለተኛዋ ጎረቤት እንስጥ አለ። ልክ ነው አልኩ በሆዴ። ውሰዷት፣ ገላግሉኝ።

እትዬ ሹራባቸውን ሳያስቀምጡ "ቃሉም ይቆይ፣ እሷም ትቆይ" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። ሊያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር...

"ሰዉ መሳቁ አይደለም ያበላሸው" አሉኝ። "ሰው ሲስቅ አንቺ ምን አደረግሽ? ዐይንሽን መሬት ላይ ጣልሽው። እኔን ከሬሳዬ ጋር ብቻዬን ትተሽኝ ሄድሽ። እግርሽ መድረኩ ላይ ነው፤ አንቺ ግን የለሽም።"

የሹራብ ዘንጎቹ ብቻ ቃ... ቃ... ቃ።

ብቻዬን ትተሽኝ ሄድሽ። እሳቸው ስለ መድረኩ ነው። እኔ ግን ጃንጥላው ታየኝ።

የካቲት 6

ከክሊኒክ ስመለስ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ጠሩኝ። ዐይኔን አያዩም። መቀሱን በፎጣ ይጠርጋሉ፣ ደግመው ይጠርጋሉ። አባትሽ እንዴት ነው አሉ። ደህና ነው አልኩ። ቴአትሩ ጥሩ ነበር አሉ። ወሬ ለመቀየር ነው መሰለኝ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። የእሑዱ መንገድ እስካሁን እንዳመማቸው ነው።

"አባትሽ እኮ በር ላይ ቆመን ሳለን ድንገት ዞር አለና በማደያው በኩል ካልሄድን አለን። ታክሲው እዚያው ማዶ፣ ጭነት መኪናው አጠገብ እየቆመ! በዚያ ዝናብ ሰፈሩን በሙሉ አዞረን። ምን እንደ ነካው እንጃ።"

እኔ አውቃለሁ ምን እንደ ነካው።

አይቶኛል። ከመኪናው ጀርባ ቆሜ አይቶኛል። ጓደኞቹ እንዳያዩኝ ነው ወደዚያ ያዞራቸው። መሸሻ መንገዱን የለቀቀልኝ እሱ ነው። ቤት መጥቶም "ሥራ በዝቶባት"... እያወቀ።

ምን ብዬ እንደ ተሰናበትኳቸው አላስታውስም። ቤት ስደርስ አባዬ ድንች እየላጠ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ቢላ አንሥቼ አብሬው ላጥሁ። ልናገር ስል... ድስቱ ሞላ። ለሁለት ሰው ይህን ሁሉ ድንች ምን እናደርገዋለን አለ።

የካቲት 9

ሁለተኛው እሑድ። አባዬን ና አላልኩትም፤ እሱም ልምጣ አላለም።

የመጨረሻው ገቢር። ጎንበስ፣ አንገቱን፣ ቀና። ድምፄ ዛሬም ከሆዴ አልወጣም። ይቅር ብዬ በመጣው አልኩት። "አይነሳም።" ከኋላ አንዷ ኪኪኪ አለች። ሌላው ተከተላት። ዐይኔ ወደ መሬት ሊወርድ... አላወረድኩትም። እትዬን ያዝኳቸው። እሳቸውም ያዙኝ። ሰዉ ይስቃል፣ እኔ አያቸዋለሁ። ባሏ የሞተባትን ሴት ነው የማየው፤ ሌላ ማን አላት? ሳቁ ቀነሰ። ቀነሰ። ጠፋ። ከዚያ የመጣው ጸጥታ... እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ብቻ።

እትዬ ሲወጡ ጎኔን በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ያችን ግፊያ በምንም አልለውጣትም።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ አባዬ ሬዲዮኑን ዘጋው። ድሮ እኔ ስገባ ድምፁን ነበር ከፍ የሚያደርገው። ደስታዬ በር ላይ ቀረ።

የካቲት 11

ስቱዲዮው ደወለ። ሁለተኛ ሥራ አለ፤ የትኋን ነው። ከበረሮ ወደ ትኋን። እድገት ነው ውድቀት?

እሠራዋለሁ አልኩ። ግን ድምፄን አታቅጥኑት አልኩ። ሰውየው ሳቀ። "አንቺ እኮ ያለ ማሽንም..." አለ። እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ሳቁ አላመመኝም። ትንሽ ብቻ።

የካቲት 15

ነገ እንዲመጣ ጠየቅሁት። እግሬን ይዞኛል አለ። አላመንኩትም። ሁለተኛ ስጠይቀው ሸሚዙን ማጠፍ ጀመረ። "እኔ ስመጣ ትረበሻለሽ" አለ፣ ሸሚዙን እያየ።

ይኸው። ይህን ነው ያደረግሁት። አፌን ከፍቼ ሁሉንም ልነግረው ነበር። የወጣው ግን "ና በቃ" ብቻ ነው።

"እሺ" አለ። "ብቻዬን።"

የካቲት 16

በመጋረጃው ቀዳዳ ፈለግሁት። የመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ። ኮቱን ለብሷል።

ስለ ቴአትሩ ብዙ አልጽፍም። ደህና ነበር። ሁለት ሰው ሳቀ፣ አበቃ።

ልብሴን ቀይሬ በፊት በር ወጣሁ። ሰዉ ደረጃው ላይ ይተራመሳል። እትዬ አሉ፣ አዘጋጁ አለ፣ ሬሳው ከእጮኛው ጋር። አባዬ የለም። ዞርኩ፣ ተመለስኩ... የለም። ወዴት? ከዚያ ገባኝ። ወደ ማደያው ሮጥሁ።

እዚያ ነው። ጎማ የሚነፋበት ግድግዳ ስር ቆሞ፣ ነጭ ፌስታል ይዞ። ሰው እንዳያየው። ሰው ከኔ ጋር እንዳያየው።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ስትጨርሺ በዚህ ታልፊያለሽ ብዬ።"

"አባዬ፣ ያን ቀን ከመኪናው ጀርባ..."

"ተዪው። አውቃለሁ።"

"አላውቅህም እንዳልኩህ ነው እኮ የቆጠርኩት።"

ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው። "ያ የጮኸው ማን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አላውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ነው አለ። ቴአትሩ ሳይጀመር፣ እንደ ተቀመጡ፣ አባዬ አላስችል ብሎት ነግሮታል። የበረሮዋ ልጄ ናት ብሎ። በሞቴ ብዬው እያለ። ሰውየው ክፉ አስቦ ሳይሆን አውቄያታለሁ ለማለት ነው የጮኸው። ስሸሽ ሲያየኝ አባዬ ከእሱ የሸሸሁ መሰለው። ልክ ነች አለ በሆዱ፤ አፍህን ዝጋ አለችኝ፣ አልዘጋሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም ፊቴን የሚያይበት ፊት አጥቶ ነው የከረመው።

ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ድስት ድንች እየበላን፣ እየተፋፈርን...

ክንዱን ይዤ መንገዱን አሻገርኩት። ይቅር፣ ጫማዬ ቆሽሿል፣ ሌላ ቀን ይላል። አለቀቅሁትም። ደረጃው ላይ እትዬ ሹራባቸውን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ ነበር። ቀና ብለው አዩት። "እኚህ ማን ናቸው?" አሉ።

አባዬ እኔን አየኝ። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። ለአውቶብሱ ሁሉ የሚያወራ የነበረ ሰውዬ...

"አባቴ ነው" አልኩ። አዘጋጁም ዞረ፣ ሬሳውም ዞረ።

እትዬ እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም ጨበጠ፤ "እንደምን ዋሉ" ብሎ እጃቸውን መልቀቅ ረሳ። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ብርቱካን ነው፤ ለሁሉም አደለ። እንዲህ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

በእግራችን መጣን። ቤት ደርሰን ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ ቆም አለ።

"ቅድም ለሰዎቹ ምን ብለሽ ነው ያስተዋወቅሽኝ?"

"አባቴ ነው ብዬ።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩለት።